ሲያረጁ አምባር ቢዋጁስ?

ሰው "የምትወደው ፊልም የቱ ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ የተዘጋጀ መልስ አለኝ። "ጤዛ" እላለሁ። ጠያቂው ፊልም የሚያውቅ ሰው ከመሰለኝ ደግሞ ወደኋላ ሄጄ የኃይሌ ገሪማን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" እጠራለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ቅዳሜ ማታ ድካም ይዞኝ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለችው ክፍሌ ብቻዬን ስሆን የምከፍተው እነሱን አይደለም። የምከፍተው ፀጉሩን ጥቁር የተቀባ የስልሳ ዓመት ሰውዬ በረዶ ላይ በስስ ሸሚዝ የሚዘፍንበትን ነው። ከኋላው ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሃምሳ ጨፋሪዎች ያሉበትን። ሴት አያቶች በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ጊዜ ልብስ የሚቀይሩበትን። ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ በሩን ቆልፌ።

ተደብቆ የሚበላ ነገር ጣፋጭ ነው ይባላል። እኔ ግን ከጣዕሙ ይልቅ መደበቁ ነው ያሳሰበኝ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ዘፈኑ ነው? ማጋነኑ ነው? ወይስ የሚዘፍኑት ሰዎች ማርጀታቸው? ይህን ጽሑፍ ስጀምር መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። (በነገራችን ላይ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመረኝ ቪዲዮ ቤት ነው። ከፈረንሳይ ወደ ጉራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በጥቁር ብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። በሩ ላይ በጠመኔ "የህንድ" ወይም "የካራቴ" ተብሎ ይጻፋል፤ የፊልሙን ስም የሚጠይቅ የለም። ዋናው ገጸ ባሕርይ "አክተሩ" ነው የሚባለው። አክተሩ ይደበደባል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ አክተሩ ይነሳል። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አክተር አይሞትም።

ሌላም ሕግ ነበር። ዘፈን ሲጀመር ከኋላ "አሳልፈው!" የሚል ጩኸት ይነሳል። ቪዲዮ አጫዋቹ ሪሞቱን ተጭኖ ያሳልፈዋል፤ የስድስት ደቂቃ ፍቅር በሃያ ሰከንድ ይሮጣል፣ ሳሪው ይውለበለባል፣ አፍ ያለ ድምፅ ይከፈትና ይዘጋል፣ ከዚያ ዱላው ይቀጥላል። እኔም ከሌሎቹ ጋር እጮህ ነበር። ውስጤ ግን ዘፈኑን ነበር የሚፈልገው። ወንድ ልጅ ዘፈን መውደዱን በዚያ ክፍል ውስጥ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ይህ ኀፍረት ፊልም ትምህርት ቤት ወይም መጽሐፍ ያስተማረኝ አይደለም፤ ከሃያሲነቴ በፊት የነበረ ነው።

እኛ ብቻ አይደለንም የለመድነው። አባቴ የህንድ ፊልም ሲነሳ ሲኒማ ራስን ሳይጠራ አያልፍም። በንጉሡም በደርግም ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን ነበሩ፤ ሂሳቡን ከነሱ የተማረ ትውልድ የሂንዲ ዘፈን ዜማ ቢያንጎራጉር አይገርምም። ዛሬ ዜ ዓለም የህንድ ድራማን አማርኛ አናግሮ ሳሎናችን ድረስ ያመጣዋል። ያም ሆኖ "የህንድ ፊልም" በቋንቋችን ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ሰው ሲያጋንን "የህንድ ፊልም አታድርገው" እንለዋለን። እንዲህ እየተወደደ እንዲህ የሚናቅ ሌላ ጥበብ ያለ አይመስለኝም።

ፈረንጆቹ ለዚህ ዓይነቱ ነገር "ካምፕ" የሚል ቃል አላቸው። ሱዛን ሶንታግ በ1964 ስለ ካምፕ ጽፋ ታዋቂ የሆነችበት መጣጥፍ አለ፤ የነገሩ መነሻ ለማጋነንና ለሰው ሠራሽነት ያለ ፍቅር ነው። ለኛ ካምፕ ሲባል የሚመጣልን ወታደር ስለሆነ ቃሉ ብዙም አይጠቅመንም። እኔ "ቅብጠት" ብዬዋለሁ። ቀበጥ ማለት ልኩን አለፈ ተብሎ የሚገሠጽ፣ ግን ሲገሠጽ የማያፍር ነው። ልጅ ሲቀብጥ ይሳቅለታል። ወጣት ሲቀብጥ ይታለፋል። ሽማግሌ ሲቀብጥ ግን ተረት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ።

ይህን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። አሮጊት እጅ ላይ አምባር ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ጊዜው አልፏል፤ አርፈሽ ነጠላሽን አጣፊ፣ መቁጠሪያሽን ያዢ። ስለ ሙዚቃዊ ፊልምና ስላረጁ ኮከቦች ስጽፍ በትክክል ስለዚህ ተረት እየጻፍኩ እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ። "ሮኪ ኦር ራኒ ኪ ፕሬም ካሃኒ" ይባላል፤ የሮኪና የራኒ የፍቅር ታሪክ ማለት ነው። ሐምሌ 2023 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ካራን ጆሃር ነው፤ ያ በ2001 በ"ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም" ሻህሩክ ካንን በሄሊኮፕተር እናቱ ደጃፍ ያወረደው ሰውዬ። ታሪኩ ቀላል ነው። ሮኪ (ራንቪር ሲንግ) ከዴልሂ ሀብታም የጣፋጭ ነጋዴ ቤተሰብ የመጣ፣ ሸሚዙ ዓይን የሚወጋ ጎረምሳ ነው። ራኒ (አሊያ ባት) የተማረች፣ ከቤንጋል ቤተሰብ የመጣች ጋዜጠኛ ናት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የራሳቸው ፍቅር አይደለም። የሮኪ ወንድ አያት ካንዋል ትዝታው ከድቶታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአንዲት ሴት ስም ብቻ ይጠራል። ጃሚኒ። ጃሚኒ የራኒ ሴት አያት ሆና ትገኛለች። ከአርባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሁለቱም ባለትዳር ሳሉ ሺምላ ላይ ለጥቂት ቀን ተዋደው ተለያይተዋል።

ካንዋልን የሚጫወተው ዳርሜንድራ ነው። ያኔ 87 ዓመቱ። ጃሚኒን የምትጫወተው ሻባና አዝሚ 72 ዓመቷ። ልጆቹ አያቶቻቸውን ያገናኟቸዋል። ካንዋል ቀና ብሎ ያያታል። በ1961 ከወጣው "ሃም ዶኖ" ፊልም የተወሰደ ዘፈን ይሰማል። ሽማግሌው ከተሽከርካሪ ወንበሩ ይነሳል፣ ከንፈሯን ይስማታል።

በተለመደው የፊልም ሚዛን ይህ ትዕይንት አያልፍም። ሐኪም አይቶት ይስቃል። የስክሪፕት አስተማሪ በቀይ ይሰርዘዋል። የኛ ትውልድ "ክሪንጅ" ብሎ ስክሪኑን ይሸፍናል። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

በ1971 "ጉዲ" የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ጃያ ባሃዱሪ (በኋላ ጃያ ባቻን) በውስጡ በአንድ የፊልም ኮከብ ፍቅር ያበደች ተማሪ ሆና ነው የተጫወተችው። ኮከቡ ማን ነው? ዳርሜንድራ፤ ራሱን ሆኖ ነው የሚጫወተው። እንግዲህ ከ52 ዓመት በኋላ በ"ሮኪ" ፊልም የካንዋል ሚስት፣ ባሏ የሌላ ሴት ስም ሲጠራ ቁጭ ብላ የምትሰማው መራራዋ ዳንላክሽሚ ማን ናት? ጃያ ባቻን። ያቺ ያበደችለት ተማሪ። ሻባና አዝሚስ? በ1974 በሺያም ቤኔጋል "አንኩር" የጀመረች፣ ዘፈንና ጭፈራ የሌለበት የቁምነገር ሲኒማ ፊት የሆነች፣ በምርጥ ተዋናይነት አምስት ጊዜ ብሔራዊ ሽልማት የወሰደች ሴት ናት። እነሆ በዚህ ሁሉ ወርቅና ቅብ መሃል ቆማ ከቁምነገረኞቹ ሠፈር ወደ ቀበጦቹ ሠፈር ተሻገረች።

ያረጀ ኮከብ ሙዚቃዊ ፊልም ላይ ሲቆም ብቻውን አይመጣም። ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ወጣት ተዋናይ ፍቅሩን ለማሳመን መተወን አለበት፤ ዳርሜንድራ ግን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ካንዋል ሁሉን ረስቷል፣ ተመልካቹ ግን አልረሳም። ፊልሙ የጎደለውን ትዝታ ከእኛ ይበደራል። ዘፈኑም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ንግግር መረጃ ይነግርሃል፣ አሮጌ ዘፈን ግን ያኔ የት እንደነበርክ ያስታውስሃል።

የህንድ ሲኒማ ለዚህ ሌላም መሣሪያ አለው። ተዋናዩ አይዘፍንም፤ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ የዘፈነውን ከንፈር ያንቀሳቅስለታል። ምስጢር አይደለም፣ ዘፋኞቹ ራሳቸው ኮከብ ናቸው። በ1995 "ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ" ላይ ካጆል የ21 ዓመት ልጅ ሆና ስታልም የምንሰማው የላታ ማንጌሽካርን ድምፅ ነው፤ ላታ ያኔ 66 ዓመቷ ነበር። ማንም "ሲያረጁ አምባር" አላለም። ድምፅ ሲያረጅ ይፈቀዳል ማለት ነው። ፊት ሲያረጅ ነው ችግሩ።

ሆኖም ያረጀ ኮከብ የዘፈነበት ሁሉ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ሃያሲ መሆኔን ልጠቀምበት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዕድሜን የሚክድ ነው። ዴቭ አናንድን ውሰዱ። ያ የ"ሃም ዶኖ" ዘፈን መጀመሪያ የተቀረጸው ለሱ ፊልም ነው፤ ውብ ሰው ነበር። ግን መቆም አልቻለም፤ በ2011፣ በ88 ዓመቱ፣ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው ራሱም የተወነበት ፊልም አወጣ፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ጽናቱ ያስደንቃል፣ ፊልሞቹ ግን ተመልካቹ ያላየውን ወጣት እንዲያይ ይለምናሉ። ሻህሩክ ካን ደግሞ በ"ጃዋን" (2023) በ57 ዓመቱ አባትም ልጅም ሆኖ ሁለቱንም ተጫወተ። እሱ ብልጥ ነው፤ ሽበቱን ለአባትየው ሰጥቶ፣ ጭፈራውን ለሁለቱም አካፈለ። ይህ ዕድል ግን ለወንዶቹ ነው። በ57 ዓመቷ እናትና ልጅ ሆና የምትጨፍር ሴት እስኪ ጥሩልኝ።

ሁለተኛው ዓይነት ዕድሜውን ይዞ ወደ ዘፈኑ የሚገባ ነው። የምዕራቡን ምሳሌ ካላችሁ "ማማ ሚያ" አለ። የመጀመሪያው (2008) ላይ ፒርስ ብሮስናን፣ ያ ጄምስ ቦንድ የነበረው፣ ይዘፍናል። መጥፎ ነው የሚዘፍነው፤ የዓመቱ መጥፎ ረዳት ተዋናይ ተብሎ ራዚ የተባለውን የሹፈት ሽልማት ወስዷል። እኔ ግን የምወደው ያንን ነው። ድምፁ እንደማይችል እያወቀ፣ ሰው እንደሚስቅበት እያወቀ፣ ለሚወዳት ሴት ይጮኻል። በሁለተኛው (2018) ላይ ሼር የሜሪል ስትሪፕ እናት ሆና ትመጣለች። ሼር የተወለደችው በ1946፣ ሜሪል ስትሪፕ በ1949! በሦስት ዓመት የምትበልጣት እናት። እንዴት ነው የመጣችው? በሄሊኮፕተር። ካራን ጆሃርና ሆሊውድ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ተስማምተዋል፦ ትልቅ ሰው በታክሲ አይመጣም።

እስካሁን ስለ ሩቅ አገር አወራሁ። አሁን በሬን ልክፈት።

ከቤቴ ወደ ላይ ሲወጣ እንጦጦ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የወጣ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃል፤ ካሜራ፣ ትልቅ ስፒከር፣ አንድ ዓይነት ሸማ የለበሱ ጨፋሪዎች፣ ወይም ሙሽሮች። ዘፋኙ ከአንዱ ባህር ዛፍ ጀርባ ብቅ ይላል፣ እሷ ከሌላው። ይሯሯጣሉ። ዛፍ እየዞሩ መዝፈንን ያመጣብን የህንድ ፊልም ነው ብዬ ነው የማምነው፤ በርግጥ ዛፉም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ምኒልክ ማገዶ አልቆ ከተማው ሲቸገር ከአውስትራሊያ ያስመጡት ባህር ዛፍ ዛሬ "የአገር ልጅ" ሆኖ ክሊፕ ይሠራበታል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዛፍ እየዞሩ መሮጥ ደግሞ ለሃያ ዓመት ልጅም ያስተነፍሳል። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ስምንት ጊዜ ይቆረጣል።

አንድ ጠዋት ቆሜ እያየሁ ቀረጻው ለሌላ ምክንያት ቆመ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየመጡ ነበር። ጭነቱ ከነሱ ይበልጣል፤ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ፊታቸው መሬት መሬት ያያል። ከመሃላቸው ከሰባ የማያንሱ አንዲት እናት አሉ። ካሜራ ያዡ "እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉልን፣ ፍሬም ውስጥ ገብተዋል" አላቸው። በትህትና ነው ያለው። እሳቸው ግን ቆሙ፣ ጭነቱን ግንድ ላይ አስደገፉና ዘፈኑን ማዳመጥ ጀመሩ። ስለ ፍቅር ነበር። እስኪያልቅ ሰምተው ሄዱ። ሳይቀረጹ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማርኛ ፊልም ሳይ እሳቸውን እፈልጋለሁ። በኛ ፊልም ትልቅ ሰው ሞልቷል፤ ግን ሥራው ተመድቧል። ያስታርቃል። ይመርቃል። ይታመማል፣ ልጁ ለሕክምናው ገንዘብ ሲያሳድድ ታሪኩ ይንቀሳቀሳል። ይሞታል፣ ውርስ ያጣላል። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ለራሱ ሲፈልግ ያየሁበትን ፊልም ለመጥራት ግን እቸገራለሁ። ፈለገ ከተባለም የሚፈልገው ለሳቅ ነው፤ ልጅ የሚያሳድድ ሀብታም ሽማግሌ፣ የሚዋረድ።

ለዘፋኝ ግን ፈቅደናል። ማህሙድ አህመድ በ1941 የተወለደ ነው። በ2025 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ሰማንያን ካለፈ ቆይቷል። ስለ ፍቅር ነው የዘፈነው፤ ሌላ ስለ ምን ይዘፍን ነበር? ያ ሁሉ ወጣት አብሮት ሲዘፍን ማንም ተረት አልተረተበትም። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ማይክሮፎን ከያዘ ማፍቀር ይችላል፤ ማይክሮፎኑን ካስቀመጠ ግን ጋቢውን ደርቦ መመረቅ አለበት ማለት ነው። ሙዚቃዊ ፊልም የሚያደርገው ይሄንኑ ፈቃድ ከመድረክ ወስዶ ወደ ሳሎን፣ ወደ ምግብ ጠረጴዛ፣ ወደ ቤተሰብ ማስገባት ነው። ስለዚህ ነው የሚያሳፍረን። መድረክ ላይ ያለው የሌላ ሰው አባት ነው። ሳሎን ያለው የራሳችን ነው።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልናገር።

አክስቴ የካ ሚካኤል አካባቢ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሾላ ገበያ በርበሬ እየነገደች አራት ልጅ አሳድጋለች። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ የእድርተኛ ሰው ሽማግሌ ላኩባት። ልጆቿ ተሰበሰቡ፤ እኔም ተጠራሁ፣ "የተማረ ነው፣ ይምከራት" ተብዬ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልከለከላትም። ሳሎን ውስጥ ትንሽ ዝም ተባለና እኔ ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ያንን ተረት ተረትኩ። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች። "እውነትህን ነው" አለችና ቡና ልታፈላ ተነሳች። ነገሩ በዚያው ቀረ። ሰውየው በኋላ ልጃቸው ጋ ሌላ ከተማ ሄዱ።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ለዓይኗ ሕክምና ስትመላለስ እኔ ጋ ሰነበተች። አንድ ማታ ተኝታለች ብዬ "ሮኪ"ን ከፍቼ ሳለ ድንገት በሩ ተከፈተ። ላፕቶፑን ጠርቀም አደረግሁት።

"ምን ደበቅክ?" አለችኝ። ምን እንደጠረጠረች ከፊቷ ያስታውቃል።

"ኧረ ምንም... የህንድ ፊልም ነው።"

"ታዲያ ምን ያስደብቃል? ክፈተው።"

አጠገቤ ተቀመጠች። ጽሑፉን በአማርኛ እያነበብኩላት ቀጠልን። ዳርሜንድራ ሲመጣ ቀጥ አለች። "ይሄ የሾሌው ነው እኮ! እንዲህ አረጀ?" አለች። "ሾሌ" የ1975 ፊልም ነው፤ እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። ዘፈኖቹ ሲመጡ ማንበቤን እንዳቆም በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ አያስፈልጋትም። ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ሽማግሌው ተነሳ። "በስመአብ!" ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትንሽ ዝም አለች። ከነጠላዋ ውስጥ "እስቲ መልሰው" አለችኝ።

መለስኩት። ሦስት ጊዜ አየነው። በሦስተኛው ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ስለዚህ ፊልም ካነበብኩትም ካሰብኩትም ይልቅ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። "ሚስቱስ?" አለች። "እሷ ምን አጠፋች?"

እውነቷን ነው፤ የፊልሙ ድክመት እዚያ ጋ ነው። ካራን ጆሃር ለሁለት ያረጁ ሰዎች ደስታ ሲፈቅድ ሦስተኛዋን ክፉ አድርጎ ነው የከፈለው። ዳንላክሽሚ ቤቱንም ንግዱንም በጉልበቷ ያቆመች ሴት ናት፤ የማይወዳት ባል አግብታ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ፊልሙ ይህን ያውቃል፣ ግን ብዙ አይቆይበትም፤ ምርኩዝ አስይዞ፣ ፊቷን አጨማድዶ፣ ቤቱን የምትገዛ ጨቋኝ አድርጎ ያስቀምጣታል። ለጃሚኒ ግጥምና ዘፈን፣ ለዳንላክሽሚ ቁጣ። ጃያ ባቻን ያንን መራራነት በሚገባ ትጫወተዋለች፤ ዝም ስትል ነው ይበልጥ የምትናገረው። ግን አንድ ዘፈን ይገባት ነበር። ከ"ጉዲ" እስከዚህ የሄደችውን 52 ዓመት የሚዘፍን አንድ ዘፈን። የቅብጠት ፊልም ድንበሩ ይሄ ነው፤ ቀበጥ ለሆነው ሁሉን ይሰጣል፣ መቅበጥ ላልቻለው ምንም የለውም። የመረራት አሮጊት አምባር ቢሰጧትም አታደርገውም ብሎ ደምድሟል። ማን ጠየቃት?

አክስቴ ይህን ያየችው ስለሚያገባት ነው። እሷም አንድ ሕይወት ጃሚኒንም ዳንላክሽሚንም ሆና ኖራለች።

"መዋጀት" የሚለው ቃል በተረቱ ውስጥ መግዛት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግን ዋጋ ከፍሎ ከባርነት ማውጣትም ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ነው አልልም፤ ሊያፌዝ ነው ያወጣው። እኔ ግን እነዚያን ፊልሞች ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ትርጉም ነው የማያቸው። ብሮስናን በማይችለው ድምፅ ሲጮህ፣ ሼር ከሄሊኮፕተር ስትወርድ፣ ዳርሜንድራ ከወንበሩ ሲነሳ፣ የሆነ ነገር ከፍለው እያስመለሱ ነው። የሚከፍሉት ክብራቸውን ነው፤ የሚስቅ እንዳለ ያውቃሉ። ስለዚህ ማጋነኑ ጌጥ ብቻ አይደለም። ተረት የተዘጋጀለት ሰው በሹክሹክታ ቢናገር አይሰማም፤ ሃምሳ ጨፋሪ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ማፈሬን ትቻለሁ ማለት ነው? በከፊል። አሁንም እነዚህ ፊልሞች ረጃጅም ናቸው፣ ሀብት ያመልካሉ፣ ድሃን ለማሳቂያ ያስገባሉ፣ ሦስተኛዋን ሴት ይረሳሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እወዳቸዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ቪዲዮ ቤት "አሳልፈው!" ስል የኖርኩት እኔ፣ አንድ ቀን ሳሎን ውስጥም ያንኑ አልኩ። ያኔ የሚያልፈው ፊልም አልነበረም።

ዳርሜንድራ ህዳር 24 ቀን 2025 አረፈ። 90 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዜናውን ስሰማ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

"ያ ሽማግሌ ሞተ እኮ" አልኳት።

"የቱ? አክተሩ?" አለች። "አክተር ይሞታል እንዴ?"

ሳቅን። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሊወጣልኝ ያልቻለውን ነገር ጀመርኩት። "ያኔ፣ ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ያልኩት ተረት..." አልኩ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ከጀርባዋ የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል።

"እሱንማ እኔም ብዬዋለሁ" አለች። "ለእናቴ።"